የአንጀት ተስቦ፤ «ታይፎይድ ነው» ሲሉን ምን እንጠይቅ?

በአገራችን ከተሞች ዛሬ እንደ ታይፎይድ ስሙ ዘወትር የሚጠራ በሽታ ጥቂት ነው። ራሱን የሚያመው፥ ወገቡን የሚቆረጥመው፥ ምግብ የሚያስጠላው፥ ከሥራ ውሎ የደከመው ሁሉ ወደ ክሊኒክ ይሄድና ጥቂት ደም ሰጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ በወረቀቱም ላይ «ታይፎይድ» የሚል ቃል፥ ብዙ ጊዜም ከአጠገቡ «ታይፈስ» የሚል ተጽፎበት ይገኛል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበውን የሕመም ፈቃድ ማስረጃ የሚያገላብጥ ሰው ይህን ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። አንዳንዱ ሠራተኛ ክረምት በወጣ ቁጥር ይኸው በሽታ የሚመላለስበት ይመስለዋል፤ «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» እያለም እንደ ቆየ ጎረቤት በስሙ ይጠራዋል።

እውነተኛው ታይፎይድ ግን እንዲህ በቀላሉ ገብቶ የሚወጣ እንግዳ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለ2019 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 9 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይያዛል፤ 110,000 ያህሉም ይሞታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሕክምና ሳያገኝ ከቀረ ከመቶ በሽተኛ ከ10 እስከ 30 ሊገድል ይችላል፤ በጊዜው በትክክለኛ መድኃኒት ከታከመ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ አንደኛው ያልያዘውን ሰው ይዞታል ማለት፥ ሁለተኛው የያዘውን ሰው ሳይለዩ ማሳለፍ። ሁለቱም በየቤታችን ጉዳት ሲያደርሱ እናያለን፤ የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም ከዚያችው ከቁራጭ ወረቀት መምጣታቸው ነው።

ለመደናገሩ አንዱ ምክንያት «ተስቦ» የሚለው ስም ነው። ቀድሞ በቅማል የሚተላለፈው ታይፈስም፥ እየተወ የሚመለሰው ትኩሳትም፥ ሌላውም ብዙ ቀን የሚያስተኛ ንዳድ ሁሉ በጥቅሉ ተስቦ ይባል ነበር፤ ታይፎይድን ለመለየት ሲባል «የአንጀት ተስቦ» የሚለው ስም ተሰጠው። በዚህ ነገር ግን እኛ ብቻ ልንታማ አይገባንም። «ታይፎይድ» ማለት ራሱ ታይፈስን የሚመስል ማለት ነውና፥ ስሙን ያወጡት አውሮፓውያንም ለብዙ ዘመን ሁለቱን አንድ አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር። ጌርሃርድ የተባለ ሐኪም በ1837 በፊላደልፊያ፥ ጄነር የተባለው ደግሞ በ1850 ገደማ በለንደን የሞቱትን በሽተኞች እየመረመሩ፥ የአንደኛው በሽታ ሙታን ትንሹ አንጀታቸው ቈስሎ ሲገኝ የሌላው ግን ንጹሕ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በኋላ በ1880 ኤበርት የተባለ ሊቅ የታይፎይድን ሚክሮብ በማጉያ መነጽር አየው፤ በ1909 ደግሞ ሻርል ኒኮል በቱኒስ ከተማ ታይፈስን የምታስተላልፈው ቅማል መሆኗን አረጋገጠ። አንደኛው በአፍ፥ ሁለተኛው በልብስ የሚገባ ሁለት የተለያየ በሽታ መሆናቸው ከታወቀ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል።

የታይፎይድ ሚክሮብ ሳልሞኔላ ታይፊ ይባላል። የሚኖረው በሰው ብቻ ነው፤ ከከብት ወይም ከዶሮ አይመጣም። የታመመ ወይም ሚክሮቡን የተሸከመ ሰው ከሚወጣው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ፥ ወደ ምግብ፥ ወደ እጅ ይሻገርና በአፍ ይገባል። ከሆድ አልፎ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ሰርስሮ ወደ ደም ይዘልቃል፤ ከዚያም በጉበት፥ በጣፊያና በአጥንት መቅን ውስጥ ተሸሽጎ ይራባል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ሥራውን ይሠራል። ትኩሳቱ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ትናንት ምሳ በልቶ ሌሊቱን ሲያስመልስና ሲያስቀምጠው ያደረን ሰው «ታይፎይድ ነው» ማለት የጊዜውን ስሌት አለማወቅ ነው። ስሙ የአንጀት ይሁን እንጂ በሽታው በመጀመሪያ የደም በሽታ ነው።

አመጣጡም ቀስ ያለ ነው። ትኩሳቱ እንደ ወባ በአንድ ጊዜ አንቀጥቅጦ አይጥልም፤ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው በየቀኑ፥ ይልቁንም ወደ ማታ፥ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ 39 እና 40 ዲግሪ ይደርሳል። ራስ ምታት፥ ድካም፥ የምግብ መጥላት፥ አንዳንድ ጊዜም ደረቅ ሳል አብረውት ይመጣሉ። ምላስ በመካከሉ ነጭ ሆኖ ዳሩ ይቀላል። ብዙ ሰው «አላስቀመጠኝምና የአንጀት በሽታ አይደለም» ይላል፤ ነገር ግን አዋቂ ሰው በዚህ በሽታ ጊዜ ሆድ ድርቀት ሊይዘው ይችላል፤ ተቅማጥ ይበልጥ የሚታየው በሕፃናት ላይ ነው። በፈረንጆች መጻሕፍት የሚጻፈው በደረትና በሆድ ላይ የሚወጣው ቀይ ነጠብጣብ በጥቁር ቈዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ፥ እርሱን መጠበቅ ለእኛ ብዙም አይጠቅመንም። በሁለተኛው ሳምንት በሽተኛው ይፈዛል፥ ይቃዣል። አደጋው የሚበረታው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ የቈሰለው አንጀት ሊደማ፥ አልፎም ሊበሳ ይችላል።

እንግዲህ ሦስት ወይም አራት ቀን የቆየና ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ቀርቦ ምን ይደረግለታል? በከተማችን በብዙ ቦታ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ ነው። ይህን ምርመራ ፌርናን ዊዳል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1896 ያስተዋወቀው ሲሆን በዘመኑ ታላቅ ነገር ነበር። ከበሽተኛው ደም ውሃማው ክፍል ይለይና ጠብታው ከሞተ የታይፎይድ ሚክሮብ ጋር በመስታወት ላይ ይቀላቀላል፤ በደሙ ውስጥ ሚክሮቡን የሚቃወም ፀረ አካል ካለ ቅልቅሉ እንደ ተበጣጠሰ ወተት ይቋጠራል።

የተቋጠረው ነገር የሚመሰክረው ግን ስለ ሚክሮቡ ሳይሆን ስለ ዱካው ነው። ማለዳ በደጁ የጅብ ዱካ ያየ ሰው ጅብ እንዳለፈ ይገምታል እንጂ በዚያች ሌሊት ይለፍ ወይም ከሳምንት በፊት በዱካው ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ የዳነ ሰው፥ ክትባት የተከተበ ሰው፥ ከታይፎይድ ጋር ዝምድና ያላቸው ሌሎች ሚክሮቦች የያዙት ሰው፥ እንዲያውም ወባ የያዘው ሰው ደሙ ሊቋጠር ይችላል። የትልቅ ውሻ ዱካ ከሩቅ የጅብ ይመስላል እንደ ማለት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ፀረ አካሉ ገና ስላልተሠራ እውነተኛ ታይፎይድ የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «የለብህም» ሊባል ይችላል። ምርመራው ዋጋ እንዲኖረው ከተፈለገ ከአሥር ቀን ያህል ልዩነት ጋር ሁለት ጊዜ ተደርጎ የፀረ አካሉ ልክ በአራት እጥፍ ማደጉ መታየት አለበት። አንድ ጊዜ ተደርጎ 1 ለ 80 ወይም 1 ለ 160 ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር፥ በሽታው በበዛበት አገር ብዙ ጤነኛ ሰው ላይም የሚገኝ ነው። አሥር ቀን የሚጠብቅ በሽተኛ ስለሌለ ይህ ሥርዓት በተግባር አይፈጸምም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይገባውም እንላለን።

ከጎኑ «ታይፈስ» ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ቫይልና ፌሊክስ የተባሉ ሐኪሞች በ1916 ያወጡት ምርመራ የሚሠራው በታይፈስ ሚክሮብ እንኳ አይደለም፤ በአጋጣሚ የታይፈስን ፀረ አካል በሚስበው ፕሮቲየስ በተባለ ሌላ ሚክሮብ ነው። ፕሮቲየስ ደግሞ በሽንት ቧንቧ በሽታ ጊዜ የሚገኝ ስለሆነ ውጤቱን ያሳስተዋል። በዚያ ላይ አንዱ በቆሸሸ ውሃ ሌላው በቅማል የሚመጣ ሁለት በሽታ ንጹሕ ልብስ ለብሶ በየቀኑ በሚታጠብ ጸሐፊ ላይ በአንድ ሳምንት ተገናኙ ቢባል፥ የሚያስተውል ሰው «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ነገሩ የቃላት ክርክር እንዳይመስል የምናውቀውን አንድ ሁኔታ እንናገር። የአንዲት እናት ልጅ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወርዶ በኅዳር ወር ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። በአንድ ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠው። በአራተኛው ቀን ልጁ ሰው መለየት ሲያቅተው በዘመድ ትከሻ ሆስፒታል ገባ። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አላየም፤ መጀመሪያ የጠየቀው፥ «እማማ፥ ልጅዎ ሰሞኑን ከየት ነው የመጣው?» ብሎ ነው።

«ከመተማ ነው ልጄ፤ ለአጨዳ ወርዶ ነበር።»

«ደሙን ለወባ አይተውለታል?»

«ኧረ እሱንስ አላሉንም። ታይፎይድና ታይፈስ ብለው ይኸን ሰጥተውናል» ብለው ወረቀቲቱን ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ የደሙ ጠብታ በማጉያ መነጽር ታየ፤ አንጎል ላይ የሚወጣው ክፉው ወባ ነበር። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ትጋት ተረፈ፤ ነገር ግን አንድ ሌሊት ቢዘገይ ኖሮ እናቲቱ ወረቀቲቱን ይዘው በቀሩ ነበር። በቆላ የሰነበተ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ወባ መፈለግ የሁሉ መጀመሪያ ነው። እየተወ የሚመለሰውም ትኩሳት በዚያው በደም ጠብታ ላይ ይታያል፤ ምርመራው ርካሽና ፈጣን ነው።

ታይፎይድን በርግጥ የሚለየው ምርመራ የደም ካልቸር የሚባለው ነው፤ ይኸውም ደሙን ሚክሮብ በሚያፋፋ ፈሳሽ ውስጥ ጨምሮ በሙቀት እያቆዩ ሚክሮቡ እስኪበቅል መጠበቅ ነው። ከአዋቂ ሰው 10 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ይወሰዳል፤ መልሱም ሁለት ሦስት ቀን፥ አንዳንዴም ሳምንት ይፈጃል። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ከመቶ እውነተኛ በሽተኛ 60 ያህሉን ብቻ ይይዛል። ከአጥንት መቅን የሚወሰደው ናሙና የበለጠ ያገኛል፤ ግን ሕመም ስላለው ለሁሉ አይደረግም። የካልቸር ሌላው ጥቅም ሚክሮቡን የሚገድለው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ማሳየቱ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር ባይሆንም በትላልቆቹ ሆስፒታሎች አለ። አንድ ነገር ግን በቤተሰብ እጅ ነው፤ ደሙ የሚወሰደው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መሆን አለበት። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ቀን የተገዛ እንክብል ውጦ የሄደ በሽተኛ ሐኪሙን አሳውሮት ሄዷል። ከዋጠም ደፍሮ ይናገር፥ መጠቅለያውንም ያሳይ።

ስለ መድኃኒቱ ታሪክ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። በ1948 አሜሪካውያን ሐኪሞች ክሎራምፌኒኮል የተባለውን አዲስ መድኃኒት ይዘው በቁጥቋጦ ተባይ የሚመጣውን የታይፈስ ዘመድ ሊያክሙ ወደ ኩዋላ ሉምፑር ሄዱ፤ ከበሽተኞቻቸው መካከል ግን በስሕተት የገባ ታይፎይድ የያዘው ሰው ተገኘና እርሱም ዳነ። የሁለቱ ስም መደባለቅ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለሰው ልጅ ጠቀመ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሚክሮቡ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ እየለመደ መጣ፤ ክሎራምፌኒኮልንና አምፒሲሊንን፥ ቀጥሎም ሲፕሮፍሎክሳሲንን በብዙ አገር ናቀ። በ2016 በፓኪስታን ሲንድ በተባለው ክፍለ ሀገር የተነሣው ዝርያ በመርፌ የሚሰጠውን ሴፍትሪያክሶን ጭምር የማይፈራ ሆነ፤ ከሚዋጡትም አዚትሮማይሲን ብቻ ቀረለት። በየክረምቱ ለማይታወቅ ድካም ሁሉ የሚዋጠው እንክብል እንዲህ ያለውን ዝርያ ወደኛም የሚጠራ ደወል ነው።

ሐኪሙ ታይፎይድ ብሎ መድኃኒት ካዘዘ፥ ትኩሳቱ በማግሥቱ እንደማይወርድ ቤተሰብ ይወቅ። መድኃኒቱ በትክክል ቢሠራም እንኳ ሙቀቱ እስኪበርድ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። ይህን የማያውቅ ሰው በሁለተኛው ቀን «አልሆነኝም» ብሎ ክሊኒክ ይለውጣል፥ መድኃኒትም ይለውጣል፤ ሌላው ደግሞ በአምስተኛው ቀን ደኅና ሆንሁ ብሎ የቀረውን በመሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ7 እስከ 14 ቀን የታዘዘው ይፈጸም። ተፈጽሞም እንኳ ከመቶ ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ለዚያው ሐኪም ይነገር።

በቤት ውስጥ ስለሚደረገው አያያዝ ባልቴቶቻችን ከሚያውቁት ብዙው ደግ ነው። በሽተኛው እየተጎነጨ ብዙ ይጠጣ፤ ተቅማጥ ካለበትም ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. በፈላ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥለት። አጥሚት፥ የዶሮ መረቅ፥ ለስላሳ ፍትፍት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ቀድሞ በአውሮፓ ትኩሳት ያለበትን ሰው ማስራብ እንደ ሕክምና ይቈጠር ነበር፤ ግሬቭስ የተባለ የደብሊን ሐኪም ይህን ልማድ ተቃውሞ በሽተኞቹን በመመገቡ ከመቃብሩ ላይ ይኸው እንዲጻፍለት ይመኝ ነበር ይባላል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ መታሸቱም ሐኪም ዘንድ መሄድን እስካላዘገየ ድረስ አንቃወመውም። ፈጽሞ የምንከለክለው ሆድ የሚያጥብ ነገር ነው፤ ኮሶም ይሁን ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የቈሰለውን አንጀት ሊበሳው ይችላል። ለትኩሳቱም አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን አይሰጥ፤ በልኩ ፓራሲታሞል ይበቃል። ድንገት የሚጀምር ብርቱ የሆድ ሕመም፥ ሆድ እንደ ጣውላ መጠንከር፥ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ዓይነ ምድር፥ ትኩሳቱ በድንገት ወርዶ ላብና መቀዝቀዝ ከታየ፥ ይህ መዳን አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ከዳኑትም መካከል ከመቶ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ሚክሮቡን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው ሳይታመሙ ለዓመታት ያስተላልፋሉ። በኒውዮርክ ወጥ ቤት የነበረችው ሜሪ ማሎን የምትታወቀው በዚህ ነው። በ1907 በገባችበት ቤት ሁሉ ሰው እንደሚታመም ተደርሶበት ተለይታ እንድትኖር ተደረገ፤ በ1910 ዳግመኛ ወጥ እንዳትሠራ ቃል ገብታ ተለቀቀች፤ በ1915 ግን ስሟን ለውጣ ስታበስል ተያዘችና በ1938 እስክትሞት ድረስ ተለይታ ቈየች። የሠራችው ወጥ ሳይሆን እሳት ያላየው የኮክ አይስክሬም ነበር ሰውን የጎዳው ተብሎ ይታመናል። ለእኛም ቤት ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ የፈላ ወጥና ትኩስ እንጀራ አይጎዳም፥ የሚያሰጋው በቆሸሸ ወንዝ ዳር በቅሎ ሳይበስል የሚቀርበው ሰላጣና ያልፈላው ወተት ነው። ምግብ የምታዘጋጅ ሴት ልጅም ሆነች ቀጣሪዋ እመቤት፥ ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ለሁለቱም እኩል ሕግ ነው።

ውሃን በተመለከተ ለደጋ ሰዎች የምንጨምረው ነገር አለ። አዲስ አበባ፥ አስመራና መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ መንፈር ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቈይ። ማገዶ የሚቸግረው ቤት «ውሃ አጋር» የሚባለውን ማከሚያ በተጻፈው ልክ ይጠቀም። መጸዳጃን በተመለከተ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ሠራዊቱ ከሰፈር ውጭ ጉድጓድ እየቈፈረ እንዲከድን መታዘዙን ያነበብን ሰዎች፥ በ21ኛው መቶ ዓመት ከምንጭ አጠገብ ሜዳ ላይ መቀመጣችን ያሳፍረናል።

ክትባትም አለ። ከስድስት ወር ዕድሜ ጀምሮ በአንድ መርፌ የሚሰጠውን አዲሱን ዓይነት የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 አጽድቆ መክሯል፤ ማላዊ በ2023፥ ጎረቤታችን ኬንያ በ2025 ለሕፃናቶቻቸው መስጠት ጀምረዋል። በቅርብ ጤና ጣቢያ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ዋጋ አያስከፍልም። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ግን ለበዓል ወደ ቤት ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት አስቀድመው ሊከተቡ ይችላሉ፤ «አገሬ ነው፥ ምን ይነካኛል» ማለት እዚያ ተወልደው ላደጉት ልጆቻቸው አያዋጣም። ተመልሰውም ሄደው በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳት ከያዛቸው፥ ለሐኪሙ የት አገር እንደ ሰነበቱና ከቆላ ወርደው እንደ ነበር አስቀድመው ይንገሩት፤ ወባውንም ታይፎይዱንም አብሮ እንዲፈልግ።